የዮሴፍ ቀሚስና የእኛ ፎቶግራፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ልናካፍላችሁ የወደድነው አሳብ የተነሣው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ጥያቄው የቀረበልን በእኛው አዳራሽ፣ በእኛው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ነው፤ መልስ አጥተን ያቀረቀርነውም እኛው ነን። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ፣ ከእናንተ ጋር አብረን ለመማር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የመስቀልና የጊፋታ በዓል ከመድረሱ በፊት የበጎ አድራጎት ክፍላችን ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናትን ሊጎበኝ ሄደ። የቤታቸው የሣር ክዳን አርጅቶ ዝናብ ያስገባ ነበር። ክረምቱን ሙሉ መኝታቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እያዛወሩ አሳለፉት። ችግራቸው እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሊያጋንነው አያስፈልግም ነበር። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ፎቶግራፍ አነሣ። በፎቶግራፉ ላይ እማማ በደጃፋቸው ቆመዋል፤ በስተቀኝ የተጎሳቆለው ቤት፣ በስተግራ ደግሞ ለዓመታት የተከሉት እንሰት ተሰልፎ ይታያል።

ማታ ተሰብስበን ፎቶግራፉን ስንመለከት አንድ አሳብ መጣብን። «እንሰቱ ያበላሸዋል» አልን። እንዲህ ያለ ለምለም ጓሮ የሚያይ ሰው እማማ ተቸግረዋል ብሎ አያምንም፣ እጁንም አይዘረጋም ብለን ፈራን። ስለዚህ በስተግራ ያለውን ቆረጥነው። ቀጥለን ብርሃኑን ቀነስነው፤ ግድግዳው ጠቆረ፣ የፊታቸውም ሽብሽብ ጎልቶ ወጣ። ከሥሩም «ምንም የሌላቸው እናት» ብለን ጻፍንበት። አዲስ አበባና ሐዋሳ ለሚኖሩ የሶዶ ልጆች ላክነው፤ አንዱንም አሳትመን በሰሌዳችን ላይ ለጠፍነው። ገንዘቡ መጣ፤ ቆርቆሮ ተገዛ፤ ቤቱም ተከደነ። ሁላችንም ደስ ብሎን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እማማ ሊመርቁን በሰንበት ቀን ወደ አዳራሻችን መጡ። ከምርቃቱ በኋላ ዓይናቸው በሰሌዳው ላይ ዐረፈ። ጠጋ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱና በወላይትኛ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ ቤቱ የኔ ነው፤ ነጠላውም የኔ ነው። ይህች ሴት ግን ማን ናት? እንሰቴን የት አደረጋችሁት? ባሌ ከሞተ ጀምሮ እየተከልሁ፣ እየኮተኮትሁ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ይህን ያየ ሰው እጇን አጣጥፋ የኖረች ሰነፍ ናት አይለኝም?» ከሥሩ የተጻፈውን አንድ ልጅ ሲተረጉምላቸው ደግሞ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከንግግራቸው ይልቅ ከበደን።

የእንሰትን ነገር የወላይታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ይተከላል፣ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል፣ የከብት ፍግ ይለብሳል። በደጃፍ የቆመ እንሰት የቤቱ ምግብ ነው፤ ከዚያም በላይ የባለቤቱ የሥራ ምስክር ነው። እኛ በአንዲት ጣት ጠረግ አድርገን ያጠፋነው የአንዲት እናትን የብዙ ዓመት ላብ ነበር። ድህነታቸውን ለማጉላት ብለን ክብራቸውን ሰረቅን።

እማማን ከሸኘን በኋላ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድማችን፣ «ምን ዋሸን? ያልነበረ ነገር አልጨመርንም፤ ከነበረው ቀነስን እንጂ» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ፣ «እንግዲያውስ ፎቶግራፍ መነካካት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ካሜራው ያየውን እንዳለ እንለጥፍ» አለች። የሁለቱም ንግግር ለጊዜው እውነት መሰለን። ይሁን እንጂ ጥቂት ቆይተን ስንመረምረው ሁለቱም ጎዶሎ ሆነው አገኘናቸው። ውድ አንባብያን፣ እስቲ ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

በመጀመሪያ የወንድማችንን ቃል እንመርምር። ያልነበረ ነገር ካልጨመርን አልዋሸንምን? ለዚህ መልስ ፍለጋ ወደ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እንሂድ። የያዕቆብ ልጆች በቅናት ተነሣሥተው ወንድማቸውን ዮሴፍን ከጉድጓድ ጣሉት፤ በኋላም ለነጋዴዎች ሸጡት። ከዚያም የፍየል ጠቦት አረዱ፤ ቀሚሱን በደሙ ነከሩ፤ ወደ አባታቸውም ላኩት። ለአባታቸው የላኩት ቃል ምን ነበር? ልጅህን አውሬ በላው አላሉትም። ይህን አገኘን፤ የልጅህ ቀሚስ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ እየው ብለው ጠየቁት እንጂ።

ልብ በሉ! ቀሚሱ እውነተኛ የዮሴፍ ቀሚስ ነው። ደሙም እውነተኛ ደም ነው። ከአፋቸው የወጣው ቃልም ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ በሐሰት አይከሰስም። ሐሰቱ ያለው በቀሚሱና በደሙ መጋጠሚያ ላይ ነው። የቀረውን የሠራው የያዕቆብ የአባትነት ልብ ነው፤ አውሬውን ራሱ ፈጠረው፣ ለልጁም ማቅ ለብሶ አለቀሰ። ደግሞም ወንድሞች የጨመሩት ደም ብቻ አይደለም፤ የቆረጡትም አለ። ጉድጓዱን ቆረጡት፤ ነጋዴዎቹን ቆረጡ፤ የተቀበሉትን ዋጋ ቆረጡ። ወንድማችን ሆይ፣ መቁረጥ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ የዮሴፍ ወንድሞችም ንጹሐን በሆኑ ነበር። እኛም «ምንም የሌላቸው» የሚለውን ባንጽፈው እንኳ፣ እንሰቱ የተቆረጠበት ፎቶግራፍ ያንኑ ቃል ይናገር ነበር።

አባቶቻችን መምህራን በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ሌላ ነገር ያስተውላሉ። ያዕቆብ ራሱ በወጣትነቱ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁ ላይ አድርጎ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን ይስሐቅን አታሎ ነበር። በሽምግልናው ደግሞ በፍየል ጠቦት ደም ተታለለ። ሰውን በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር ማታለል የሚመለስ ዕዳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የዚህ ዓይነት ቀሚስ በአገራችን ታሪክም አለ። ልጅ ኢያሱ ከአፄ ምኒልክ በኋላ አገር ሲመሩ ከሙስሊም መሪዎች ጋር ወዳጅነት መሥርተው ነበር፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍልም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆዩ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ቀሚሱ ይህ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተጋጋለበት በዚያ ጊዜ ግን፣ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚለውን ክስ እንዲያጠናክር ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዞር ነበር። ይህ ፎቶግራፍ ተቀናብሮ የተሠራ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ቅንብር የሚሠራው የአንዱን ፎቶግራፍ በመቀስ ቆርጦ በሌላው ላይ በማጣበቅ፣ የተጣበቀውንም እንደገና በካሜራ በማንሣት ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እንዲወርዱ ወሰኑ፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ሆኑ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ተላለቁ፤ ስለ ልጃቸው ሊዋጉ የመጡት ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ ብቻውን አደረገው አንልም፤ የሥልጣን ሽኩቻም፣ የባዕዳን መንግሥታት ፍርሃትም ነበረበት። ነገር ግን ወሬን ብዙ ሰው ይጠራጠረዋል፤ «በዓይኔ አየሁ» ያለን ሰው ግን ማን ይመልሰዋል? በደም የተነከረ ቀሚስ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የወንድማችን ቃል እንደማያዋጣ አየን። የእኅታችንስ? ካሜራው ያየውን እንዳለ፣ ሳይነኩት ማሳየት ሁልጊዜ እውነት ይሆናልን? ለዚህ መልስ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የገዛ ምድራችን ይበቃናል።

በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአጎራባች አካባቢዎች የበልግ ዝናብ በጊዜው ሳይመጣ ቀረ፤ የደሃው መሸጋገሪያ የሆነው ስኳር ድንችም ጠፋ። ዘግይቶ ዝናቡ ሲመጣ ምድሩ ፈጥኖ ለመለመ፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ በቆሎውም አረንጓዴ ሆነ። እህሉ ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ሕፃናትም በዚያ ሁሉ ልምላሜ መካከል በምግብ እጥረት ሰውነታቸው አለቀ። ሰዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ያሉት ይህን ነው። በዚያ ወራት አንድ መንገደኛ ከሶዶ ወጣ ብሎ መስኩን ፎቶግራፍ ቢያነሣና አንዲት ነጥብ ሳይነካ ቢያሳይ፣ ያየው ሁሉ «ይህ የጥጋብ አገር ነው» ይል ነበር። ያ ፎቶግራፍ ምንም አልተነካም፤ ግን ያሳስታል። ለካስ ካሜራ ቅጠሉን ያያል እንጂ ሆዱን አያይም!

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ካሜራና ፊልም የሰው ሥራ ናቸው፤ ሠሪያቸው ያላሰበውን አያዩም። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎቶ ቤቶች የቀለማቸውን ልክ የሚያስተካክሉበት ካርድ ያድል ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው አንዲት ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሺርሊ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቀለሙ ለእርሷ ቆዳ ስለተመጠነ፣ የጥቁር ሰው ፊት በፎቶግራፉ ላይ ጠልሞ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ኩባንያው የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ ማውጣት የጀመረው በኋላ ዘመን ነው። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ የወጣውን ፊት አንድ ፎቶ አንሺ በጨለማ ክፍሉ ብርሃኑን መጥኖ ቢያወጣው፣ የእናት ፊት የእናት ፊት ሆኖ እንዲታይ ቢያደርገው፣ ከእውነት አራቀው እንላለን ወይስ ወደ እውነት መለሰው? መለሰው እንላለን እንጂ።

የጥንቱ ፎቶ አንሺ ሌላም መሣሪያ ነበረው፤ የተሾለ እርሳስ። ሪታች የሚሉት ይህ ነው። በነጋቲቩ ላይ በእርሳስ ነካ ነካ ያደረገው ቦታ ሲታተም ነጣ ብሎ ይወጣል። በዚህ እርሳስ በፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራ የፈጠረውን ነጠብጣብ ማጥፋት ይቻላል፤ በዚሁ እርሳስ የአንዲትን ሴት የዕድሜ ሽብሽብ አጥፍቶ ኮረዳ ማስመሰልም ይቻላል። እርሳሱ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ከመሣሪያው ላይ መፈለግ እንደማይገባን ግልጽ ነው።

እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ሁለት እውነተኛ ሥዕሎችን ጎን ለጎን ማድረግ ብቻውን ሌላ ሦስተኛ ነገር ይናገራል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የረሃቡን ፊልም ሠርቶ ለዓለም አሳየ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም ቆርጦና ቀጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ሥዕል ገባበት። በማግስቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ይህን ምን እንበለው? ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር፤ መሸሸጉም እውነት ነበር። እኛ በዚህ ላይ ስንከራከር አመሸን። አንዳንዶቻችን «ያ ቅንብር የተሸሸገውን አወጣ» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «በተለያየ ጊዜና ቦታ የሆነውን በአንድ ሰዓት የሆነ አስመስሎ ቁጣን ለሥልጣን ነዳው» አልን። በሁለቱም ዘንድ እውነት አለ። የተስማማንበት ግን ይህ ነው፤ እውነትን እንደ ዱላ ለጊዜው የሚያነሣ ሰው የእውነት ወዳጅ ሆነ ማለት አይደለም። ያው መንግሥት ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር አገሪቱ በሌላ ረሃብ ተይዛ ነበር፤ ወላይታም ከተጎዱት አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ድግሱንና ረሃቡን ጎን ለጎን የሚያሳይ ቴሌቪዥን አልነበረም።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እኛ ያገኘነው መልስ እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ የምስክርም ነገር የሚመዘነው ለሰሚው በገባው ቃል ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ተመልከቱ። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥሏቸዋል፤ ክፉዎችን ግን ብዙ ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሥሏቸዋል። ሠዓሊው ይሁዳ አንድ ዓይን ነበረው ማለቱ ነውን? አይደለም። ሥዕሉን የሚያይ ምእመን ሁሉ ቋንቋውን ያውቀዋል፤ ሠዓሊው የገባው ቃል የፊትን መልክ ሳይሆን የነፍስን መልክ ሊያሳይ ነው፤ ቃሉንም ጠበቀ። ፎቶግራፍ ግን ሌላ ቃል ይገባል። ስሙ ራሱ በግሪክ ቋንቋ በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። የሚያየው ሰው «ይህ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ነበረ፤ ብርሃን ራሱ ጻፈው» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም ባይኖረውም አይዋሽም፤ ዓለም ጥቁርና ነጭ ናት ብሎ የሚያምን የለምና። አቧራን ማጥፋትም፣ የጨለመን ፊት ማብራትም ያንን ቃል አያፈርሱም። በዚያ ያልነበረን ማስገባት፣ ወይም ነገሩን የሚፈታውን ቆርጦ ማውጣት ግን ያፈርሰዋል፤ የሰውን እምነት ተበድሮ መካድ ነውና።

ይህን ካልን በኋላ ወደ እማማ ቤት ተመለስን። ይቅርታ ጠየቅን፤ ሌላ ፎቶግራፍ እንድናነሣቸውም ለመንን። እሺ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በእንሰታቸው መካከል ቆሙ። ካሜራው ሊነሣ ሲል ግን ጠሩንና፣ በአካላቸው ላይ ያለ፣ ሰው እንዲያይባቸው የማይወዱትን አንድ ነገር አሳዩን። «ይህን አትውሰዱብኝ፤ ብታነሡትም ቁረጡልኝ» አሉ። ምን እንደሆነ እዚህም አንጽፍም። እኛም እንዳሉን ቆረጥነው።

አንዱ ልጅ በመንገድ ላይ ስንመለስ፣ «እንግዲህ አሁንም ቆረጥን፤ ከፊተኛው በምን ተለየ?» ሲል ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነው። መልሱንም በዚያው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 አገኘነው። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ ራቁቱን በድንኳኑ ተኝቶ ሳለ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው፣ የኋሊት እየሄዱ፣ ሳያዩ የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፈኑ። ካም ያወራው የሆነውን ነገር ነበር፤ ነገር ግን አልተመሰገነበትም። ሴምና ያፌትም እውነትን ሸሸጉ ተብለው አልተወቀሱም፤ ተባረኩ።

ስለዚህ ሁለት ልብስ በፊታችን አለ፤ በፍየል ደም የተነከረው የዮሴፍ ቀሚስና ሴምና ያፌት በትከሻቸው ያመጡት ልብስ። ሁለቱም ይሸፍናሉ። የዮሴፍ ቀሚስ የሸፈነው የሸፋኞቹን ጥፋት ነው፤ የሴምና የያፌት ልብስ የሸፈነው የተሸፈነውን ሰው ኀፍረት ነው። የመጀመሪያው ተመልካቹን ወደሌለ ነገር መራው፤ ሁለተኛው ማንንም አላሳሳተም። እኛም እንሰቱን የቆረጥነው ለራሳችን ዕቅድ ስንል ነበር፤ ሁለተኛውን የቆረጥነው ግን እማማ ስለ ገዛ አካላቸው ስለ ለመኑን ነው። የገዛ ቁስሉን የመመስከርም ሆነ የመሸፈን መብት የባለ ቁስሉ ነው። መቀሱ አንድ ነው፤ እጁን የመራው ግን ያው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ከባዱ ነገር ቀረ። ገንዘብ ለላኩልን ሁሉ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፎቶግራፍ አብረን ልከን የሠራነውን ነገርናቸው። ይህን ለማድረግ ከሁለት ሳምንት በላይ ተከራክረናል፤ «ቆርቆሮው ተመትቷል፤ ማን ተጎዳ?» የሚል ድምፅ በመካከላችን ብርቱ ነበርና። ከላኩልን አንዳንዶቹ መልካም ቃል መለሱልን፤ አንዳንዶቹ ምንም አልመለሱም። ለበሩና ለግድግዳው ምርጊት ቃል ከተገባልን ገንዘብ ከፊሉ ቀረ። የእማማ በር እስከ ዛሬ አሮጌው ነው። እውነት ዋጋ የላትም ብለን ልናታልላችሁ አንወድም፤ በዚህ ጊዜ ዋጋው የአንድ በር ዋጋ ሆነ፤ የከፈሉትም የበደልናቸው እናት ናቸው። ስለዚህ በሩን ከኪሳችን እያዋጣን ለማሠራት ጀምረናል። ከእናንተ መካከል የሚተባበር ቢኖር ደስ ይለናል፤ ግን አዲሱን ፎቶግራፍ አይታችሁ፣ እንሰቱንም ቆጥራችሁ ስጡ።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህ ነገር የበጎ አድራጎት ክፍሉን ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ። እያንዳንዳችን በኪሳችን ፎቶ ቤት ይዘን እንዞራለን። የገዛ ፊታችንን አንሥተን ቆዳችንን እናነጣለን፤ አፍንጫችንን እናቀጥናለን፤ ከዚያም ያንን ፊት የእኛ ነው ብለን እንልካለን። የሺርሊ ካርድ ፊታችንን ያጠለመው ባዕድ ሰው ስላላሰበን ነበር፤ ዛሬ ግን እኛው በገዛ ጣታችን እግዚአብሔር የሰጠንን መልክ እንፍቃለን። ደግሞም ካሜራ ሳይነሣ፣ በቃል ትእዛዝ ብቻ፣ ያልተወለደን ሰው ፎቶግራፍ የሚሠሩ መሣሪያዎች መጥተዋል። በሌለ ሰው ሬሳ ሊያስለቅሱን፣ ባልተቃጠለ ቤተ እምነት ሊያስቆጡን ይችላሉ። ባለንበት ዘመን በአንድ ፎቶግራፍ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሊነሣ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ሰገሌን አስቡ።

እንግዲህ አንድን ፎቶግራፍ ከመላካችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የቆረጥነውን ወይም የጨመርነውን ነገር የሚያየው ሰው ቢያውቅ ፍርዱን ይለውጣልን? ሁለተኛ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው በሰሌዳችን ፊት ቢቆም «ይህ እኔ ነኝ» ይላልን? ሦስተኛ፣ የሸፈንነው የማንን ኀፍረት ነው፤ የእርሱን ወይስ የእኛን? እነዚህን መልሰን የልብ ሰላም ካገኘን ብርሃኑን ብንጨምር፣ አቧራውን ብንጠርግ ምንም አይደለም። ካላገኘን ግን ምንም ሳንነካው እንኳ አንላከው።

የዮሴፍ ታሪክ መጨረሻ መልካም ነው። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ዮሴፍ በግብፅ ለወንድሞቹ ራሱን ገለጠ፤ አባቱም በሕይወት ያለውን ልጁን ፊት ለፊት አየ። ያ በደም የተነከረ ቀሚስ ያን ሁሉ ዘመን ሲናገር የኖረው ነገር በአንዲት ቀን ዝም አለ። እውነት ዘግይታም ቢሆን በእግሯ ትመጣለች፤ በመጣችም ጊዜ በሰሌዳችን ላይ የለጠፍነውን ቆማ ታያለች። ያን ቀን ደግመን እንዳናቀረቅር፣ ለምስክርነት የተሰጠንን ዓይንና እጅ በንጽሕና እንድንጠብቅ ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን። የእማማን ቤትና እንሰታቸውንም ይባርክልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።